ለመስቀል ጉዞ የዕቃ አጫጫን፦ ከአየር ጤና እስከ ኮረኮንቹ ማዶ

መስከረም ከጠባ ወዲህ ኮልፌ ቀራኒዮ ፋታ የለውም። በአየር ጤና፣ በአለም ባንክ፣ በቤተል፣ በአጠና ተራ፣ በየግቢው በር ላይ መኪኖች የኋላ በራቸውን ከፍተው ይቆማሉ። ብርድ ልብሱ፣ ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ ቡናው፣ የአባት ጋቢ፣ የእናት ቀሚስ፣ አዲሱ ድስትና ብርጭቆ ተራ በተራ ከቤት ይወጣል። መስከረም 17 ቀን መስቀልን ከወላጆቹ ጋር ለመዋል ወደ ጉራጌ አገር የሚሄድ ሰው ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመውን ይዞ ነው የሚሄደው።

መንገዱ እስከ አንድ ቦታ ድረስ ደግ ነው። በጅማ መስመር ወልቂጤ ለመድረስ 155 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከዓለም ገና ታጥፎ በጢያ በኩል ቡታጅራ ለመድረስ ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር ያህል በአስፋልት ይኬዳል። ፈተናው ከአስፋልቱ ወጥተው ወደየመንደሩ በሚያስገባው ፒስታ ላይ ሲደርሱ ይጀምራል። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች ከኪሳቸው አዋጥተው የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው አገራቸውን ከከተማ ጋር ማገናኘት ባይጀምሩ ኖሮ ብዙው መንደር መኪና ለማየት ገና ረጅም ዘመን በጠበቀ ነበር። ያም ሆኖ ከዋናው መንገድ እስከ ቤተሰብ ደጃፍ ያለው የመጨረሻው ክፍል ዛሬም በብዙ ቦታ ድንጋይ፣ ጉድጓድና ክረምቱ የተወው ጭቃ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚያሳየው ዕቃዎ ያንን መንገድ ሳይሰበር፣ ሳይፈስና ሰው ሳይጎዳ እንዴት እንደሚያልፍ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እርምጃ የሚመራን አንድ ነገር አለ፤ ዕቃ መንገድ ላይ የሚሰበረው የሚንቀሳቀስበት ክፍት ቦታ ስላገኘ ነው። ጉድጓዱን መድፈን በእጃችን አይደለም። በዕቃና በዕቃ መካከል ያለውን ክፍተት መድፈን ግን ሙሉ በሙሉ በእጃችን ነው።

1. ከሁሉ በፊት ክብደቱን ያስሉ

ብዙ ሰው መኪናው ሞላ የሚለው ቦታ ሲያልቅ ነው። መኪና ግን ቦታ ሳያልቅበት አቅም ሊያልቅበት ይችላል። ለአምስት ሰው የተሠራ አነስተኛ የቤት መኪና የመሸከም አቅሙ ብዙውን ጊዜ ከ400 እስከ 500 ኪሎ ነው። አምስት አዋቂዎች ከተሳፈሩ 350 ኪሎ ያህሉ በሰው ተይዟል። ለዕቃ የሚቀረው ከመቶ ኪሎ ብዙ አይበልጥም ማለት ነው፤ ይህም አንድ ኩንታል እህል ነው።

ስለዚህ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው የሚጫነውን ሁሉ ከነክብደቱ ይጻፉ። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። 20 ሊትር ዘይት 18 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በጠርሙስ የተሞላ አንድ ሳጥን ለስላሳ ከ15 ኪሎ ይበልጣል። ድምሩ ከበዛ ከሦስቱ አንዱን ይምረጡ፦ ሰው ይቀንሱ፣ ዕቃ ይቀንሱ፣ ወይም ከጎረቤት ጋር አዋጥተው ለከባዱ ዕቃ ፒካፕ ወይም አይሱዙ ይከራዩ። ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና ወልቂጤም ቡታጅራም ይሸጣል። ከመንደሩ አቅራቢያ ካለው ከተማ የሚገዛውን ከአዲስ አበባ ተሸክሞ መሄድ ባሌስትራንና አሞርዛተርን ያለ ምክንያት መቅጣት ነው።

2. ማሸጊያውን ከሦስትና ከአራት ቀን በፊት ያሰባስቡ

በመጨረሻው ሌሊት የተገኘው ፌስታል ሁሉ ማሸጊያ ሲሆን ጣጣው ከዚያ ይጀምራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? ለኮልፌ ነዋሪ መርካቶ ጎረቤት ነው። ምናለሽ ተራ ጎራ ብለው የሚከተሉትን ይፈልጉ።

ጠንካራና ክዳን ያላቸው ሳጥኖች ይግዙ፤ የእንጨትም የፕላስቲክም ይሆናሉ። መጠናቸው ተቀራራቢ ቢሆን ይመረጣል፣ ምክንያቱም እኩል የሆኑ ሳጥኖች ጎን ለጎን ሲደረደሩ ክፍተት አይተዉም። ካርቶን ከተጠቀሙ ታቹን በፕላስተር ሁለት ጊዜ ያጥብቁት፤ ጭቃ የነካው ካርቶን ግን ታቹ ስለሚከፈት መሬት ላይ ለሚቀመጥ ዕቃ አይሆንም። ለእህልና ለልብስ ማዳበሪያ ወይም ጆንያ ይበቃል።

ያገለገለ ጀሪካን ሲገዙ ቀድሞ ምን እንደነበረበት ካላወቁ ለዘይት፣ ለማርና ለውሃ አይጠቀሙበት። ኬሚካል የነበረበት ፕላስቲክ ቢታጠብም የሚበላና የሚጠጣ ነገር አይያዝበትም።

ለማሰሪያ ወፍራም ገመድ፣ ለትንንሹ ሲባጎ፣ እንዲሁም ከመነዳሪ ማለትም የአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ በቀጭኑ ተቆርጦ ይዘጋጅ። ከሰፈር ጎሚስታ በቀላሉ ይገኛል። ገመድ ያስራል፣ ከመነዳሪ ደግሞ እየተሳበ ይከተላል፤ መኪናው ሲንገጫገጭ ጭነቱ ቢጠቀጠቅ እንኳ ማሰሪያው አይላላም። ሁለቱን አብሮ መጠቀም ከሁሉ ይሻላል።

3. ፈሳሹን ለብቻው ያስተናግዱ

መንገድ ላይ ዕቃ የሚበላሸው ራሱ ወድቆ ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱ ዘይት ፈሶበትም ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ጀሪካን እንዲህ ይፈትኑት። እስከ አንገቱ ይሙሉት፤ በግማሽ የተሞላ ጀሪካን ውስጡ ያለው ፈሳሽ እየተማታ ክዳኑን ይገፋዋል። ክዳኑ ሥር የታጠፈ ፌስታል ደርበው ያጥብቁ። ከዚያ ጋዜጣ ዘርግተው ጀሪካኑን በጎኑ አጋድመው ያሳድሩት። ጠዋት ጋዜጣው ላይ የቅባት ነጠብጣብ ካዩ ክዳኑን ይቀይሩ። ጋዜጣው ደረቅ ከሆነ ያ ጀሪካን ለመንገድ ዝግጁ ነው። ሲጭኑት ግን አፉ ወደ ላይ ሆኖ ይቁም።

ጠጅና ጠላ የተለየ ጠባይ አላቸው። መፍላታቸውን ያልጨረሱ መጠጦች ሲናጡ ጋዝ ይፈጥራሉ፤ አፋቸው ድፍን ተደርጎ ከተዘጋ ጀሪካኑን ያሳብጡታል፣ ሊፈነዱም ይችላሉ። ለእነሱ ከአፉ በታች አንድ ስንዝር ባዶ ይተዉና በየማረፊያው ክዳኑን ላላ አድርገው ያስተንፍሱ።

ነጭ ጋዝና ቤንዚን ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ አይጫኑ። ትነቱ ያሳምማል፣ አደጋ ቢደርስም እሳት ነው። ሽታ ያለው ነገር ሁሉ ከሚበላው ይራቅ። ሳሙናና ቡና አንድ ካርቶን ውስጥ ከዋሉ ቡናው ሳሙና ሳሙና ይላል፤ ስኳርና ዱቄትም እንዲሁ ሽታ ይስባሉ።

4. ሸክላና ብርጭቆ፦ ድምፅ እስኪጠፋ

ለእናት የሚሄድ ጀበና ካለ ሥራው እዚህ ላይ ትዕግሥት ይፈልጋል። ጀበና የሚሰበረው አንገቱና እጀታው ላይ ነው። የጨርቅ ቁራጭ ይውሰዱና አንገቱን ከሆዱ ጋር እኩል እስኪወፍር ድረስ ይጠምጥሙት፤ በእጀታው ቀዳዳም ጨርቅ አስገብተው ይሙሉት። ከዚያ በነጠላ ጠቅልለው አዲሱ ድስት ውስጥ ያስቀምጡትና ዙሪያውን በካልሲ፣ በፎጣ፣ በልጆች ልብስ ይጠቅጥቁ። ክዳኑን ገጥመው በሲባጎ ይሰሩት። አሁን ድስቱን አንስተው ጆሮዎ አጠገብ ይነቅንቁት። ድምፅ ከሰሙ ገና ነው፣ ፈትተው ይጨምሩበት። ዝም ካለ ዝግጁ ነው።

ይህ ዘዴ ለሁሉም ተሰባሪ ዕቃ ይሠራል። ሲኒ ሲኒን፣ ብርጭቆ ብርጭቆን አይንካ፤ በመካከላቸው ጋዜጣ ወይም ጨርቅ ይግባ። ሳህኖችን አንዱን ባንዱ ላይ አጋድመው ከመደርደር በጎናቸው ያቁሟቸው፤ በቁመታቸው የቆሙ ሳህኖች ንዝረትን በተሻለ ይቋቋማሉ። ለስጦታ የሚሄደው ብርድ ልብስና ጋቢም እግረ መንገዱን መከላከያ ይሁን፤ በሳጥኖቹ መካከል ሲገባ ክፍተቱን ይደፍናል። ቴሌቪዥን ካለ ስክሪኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በቁሙ፣ ከወንበር ጀርባ ተደግፎ ይሂድ፤ በላዩ ምንም አይጫን።

ምግቡን በተመለከተ አባቶቻችንና እናቶቻችን መፍትሔውን ከጥንት አግኝተውታል። አገልግል ውስጡ ስንደዶ፣ ውጩ ቆዳ፣ ክዳኑ በጠፍር የሚታሰር የመንገድ ዕቃ ነው፤ እንጀራውን ከአቧራ ይጠብቃል፣ ቢወድቅም አይሰበርም። ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ለጌጥ የተቀመጠ አገልግል ካለዎት ያውርዱት፣ ሥራው ይህ ነው።

5. ከባዱ ከታች፣ ግራና ቀኙ እኩል

ሲራራ ነጋዴ አጋሰሱን ሲጭን ግራና ቀኙን በእጁ እየመዘነ ነበር። ጭነቱ ካጋደለ የአጋሰሱ ጀርባ ገጣባ ይሆናል፣ መንገዱም እዚያው ይቀራል። መኪናም ላይ ሕጉ አልተለወጠም።

ከባድ ዕቃ መጀመሪያ ይገባል፣ መሬት ይይዛል፣ ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ተጠግቶ ይቀመጣል። ከባዱ ነገር ከኋላ በሩ አጠገብ ከሆነ የመኪናው ኋላ ይዘቅዝቃል፣ ፊቱ ይነሳል፤ መሪው ይቀላል፣ መብራቱም ወደ ላይ ሆኖ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል። 20 ሊትር ጀሪካን በግራ ከገባ ተመጣጣኙ በቀኝ ይግባ።

የሚጫነው ፒካፕ ወይም አይሱዙ ላይ ከሆነ ከዕቃው በታች የእንጨት ርብራብ ያንጥፉ። አጠና ተራ ከሚሸጠው ቀጭን አጠና ትንሽ ቆርጦ በሚስማር መምታት ይበቃል። ዝናብ ቢዘንብ ውሃው ከሥር ያልፋል፣ የእህሉ ማዳበሪያ ውሃ ውስጥ አይተኛም።

ከወንበር ጀርባ በላይ የሚታይ ዕቃ አይኑር። መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ውስጡ ያለው ዕቃ ሁሉ በሰከንድ 14 ሜትር ያህል እየተጓዘ ነው። ሾፌሩ በድንገት ፍሬን ሲይዝ መኪናው ይቆማል፤ ያልታሰረው ድስት ግን ጉዞውን ይቀጥላል፣ የሚያቆመውም የልጅ ወይም የአዛውንት ጭንቅላት ሊሆን ይችላል። ዕቃው የግድ ከፍ ካለ በመረብ ወይም በገመድ ከወንበሩ ጋር ይታሰር። ከሾፌሩ እግር ሥር ደግሞ ምንም፣ የውሃ ጠርሙስ እንኳ ቢሆን፣ አይቀመጥ፤ ተንከባሎ ፍሬኑ ሥር ቢገባ ፍሬን የለም ማለት ነው።

6. ፖርቶመጋላው ለቀላልና ለሰፊ ዕቃ ብቻ

ፍራሽ፣ ልብስ የያዘ ማዳበሪያ፣ ባዶ ቅርጫት፣ እነዚህ ጣሪያ ላይ ቢወጡ ችግር የለውም። የአብዛኛው የቤት መኪና ጣሪያ የሚችለው ከ50 እስከ 100 ኪሎ ብቻ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ይገኛል፣ የፖርቶመጋላው ክብደትም እዚያው ውስጥ ይቆጠራል። ከባድ ነገር ላይ ሲወጣ መኪናው ጎርባጣ ላይ ወደ ጎን ይወዛወዛል፣ ጠመዝማዛ ላይም የመገልበጥ አደጋው ይጨምራል።

ዕቃውን በሸራ ይሸፍኑ፤ የሸራው የፊት ጫፍ ከዕቃው ሥር ታጥፎ ይግባ እንጂ ነፋስ የሚያነሳው ላይ አይቅር። ገመዱ መጀመሪያ በአግድም፣ ቀጥሎ በመስቀለኛ ይታሰር። የገመዱ ትርፍ ጫፍ ተንጠልጥሎ ከተተወ ጎማ ውስጥ ሊገባ ስለሚችል ተጠቅልሎ ይታሰር። በግ ጣሪያ ላይ አስሮ መውሰድ የተለመደ ቢሆንም ለእንስሳው ስቃይ ነው፣ ለመኪናውም የሚንቀሳቀስ ጭነት ነው። የመስቀል በግ ከመንደሩ ገበያ ይገዛ።

7. የሚያስፈልገው ነገር በመጨረሻ ይጫን

መንገድ ላይ ጎማ ቢፈነዳ ስኮርታውና ክሪኩ የት ናቸው? በብዙ መኪኖች መልሱ «ከዕቃው ሁሉ ሥር» ነው። መንገድ ዳር፣ ጭቃ ላይ፣ ምናልባትም በዝናብ፣ ድስትና ማዳበሪያ አንድ በአንድ ማውረድ ማለት ነው። ስለዚህ ከመጫንዎ በፊት ስኮርታው ነፋስ እንዳለው ይፈትሹ፤ ክሪኩን፣ የጎማ መፍቻውን፣ ከክሪኩ ሥር የሚቀመጥ አንድ ጠፍጣፋ ጣውላና ባትሪ በአንድ ከረጢት አድርገው ከኋላ በሩ አጠገብ በመጨረሻ ያስቀምጡ። ስኮርታው ከወለሉ ሥር ከሆነ ደግሞ በላዩ የሚጫነው በአንድ ጊዜ የሚነሳ አንድ ሳጥን ብቻ ይሁን። ለጭቃ አካፋ ቢጨመር አይቆጭም።

መድኃኒት፣ መታወቂያ፣ የመጠጥ ውሃ፣ የሕፃን ልብስና ቆሎ ከሰው ጋር፣ በእጅ በሚደረስበት ቦርሳ ይሁኑ። አረጋዊ ወይም ሕመምተኛ ካለ የመድኃኒቱ ቦርሳ ማን እጅ እንዳለ ሁሉም ይወቅ።

የጎማ ንፋስ የሚለካው መኪናው ሳይሞቅ ነው። በሾፌሩ በር ቋሚ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቁጥር አለ፦ ለባዶና ለሙሉ ጭነት። ለዚህ ጉዞ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው።

8. በሰፈር ኮብልስቶን ላይ ይፈትኑት

የኮልፌ ቀራኒዮ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው። ጭነቱን በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ጨርሰው ከቤትዎ አቅራቢያ ባለው ኮብልስቶን ወይም ኮረኮንች ላይ አሥር ደቂቃ ያህል ቀስ ብለው ይንዱ። ሬዲዮው ይዘጋ፣ መስኮቱም ይዘጋ፣ አንድ ሰው ከኋላ ተቀምጦ ያዳምጥ። ኳኳ የሚል፣ የሚፋተግ፣ የሚንሸራተት ነገር ካለ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ለይቶ ይንገርዎ። ቆመው ያንን ክፍተት በጨርቅ ይድፈኑና እንደገና ይሞክሩ። አየር ጤና ሳይደርሱ ድምፅ የሚያሰማ ዕቃ የመንደሩ ፒስታ ላይ ይሰበራል፤ እዚህ ዝም ያለ ግን እዚያም የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው።

9. መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ይቁሙ

የመጀመሪያው ማቆሚያ ሰበታ፣ በቡታጅራ መስመር ደግሞ ዓለም ገና ነው። አዲስ የታሰረ ገመድ በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ጭነቱ ሲጠቀጠቅ ይላላል፤ ሁሉንም ቋጠሮ በእጅዎ ስበው ያጥብቁ። ሁለተኛው ወሊሶ ወይም በቡታጅራ መስመር ጢያ ነው፤ ጎማውን በዓይንዎ ይዩ፣ ጠጁን ያስተንፍሱ፣ ልጆቹም ይውረዱ።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚበልጠው ነው፦ አስፋልቱ ያለቀበት ቦታ። እዚያ ሳይቆሙ ወደ ፒስታው አይግቡ። ገመዱን እንደገና ያጥብቁ። የኋላ መስኮቶችን ይዝጉ፣ ምክንያቱም በአቧራ መንገድ ላይ መኪናው ከኋላው ያስነሳው አቧራ በተከፈተው ሁሉ ወደ ውስጥ ይሳባል። ከዚያ ፍጥነት ይቀንሱ። ሞገድ የሠራ ፒስታ ላይ በፍጥነት ሲነዳ መንቀጥቀጡ የቀነሰ ይመስላል፤ እውነታው ግን ጎማው መሬቱን በደንብ ስለማይዝ ፍሬንም መሪም ይከዳል። ጉድጓድ ካዩ ፍሬን የሚይዙት ከመግባትዎ በፊት ነው፤ ጉድጓዱ ውስጥ ሆነው ፍሬን ሲይዙ የፊቱ ሞላ ይጫንና ምቱ በሙሉ ወደ መኪናውና ወደ ጭነቱ ይገባል። ልክዎ ከፊትዎ ያለው መኪና ፍጥነት ሳይሆን ከኋላ የሚያዳምጠው ሰው ጆሮ ይሁን።

10. መልሱንም ያስቡበት

ከአገር ቤት ባዶ እጅ የሚመለስ የለም። ቆጮው፣ ቡላው፣ ቅቤው፣ በቡታጅራ በኩል የመጣ ደግሞ የማረቆ በርበሬው ይጫናል። ሳጥኖቹንና ጀሪካኖቹን እዚያው አይጣሏቸው፣ ለመልሱ ያስፈልጋሉ። ቆጮ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ በቃጫ የሚታሰረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቅጠሉ እርጥበቱን ይጠብቃል። ያንን እሽግ ሳይፈቱ እንዳለ ሳጥን ውስጥ ያስገቡት፣ ግን ፈሳሽ ስለሚያወጣ ሥሩ ላስቲክ ይነጠፍ። ቅቤው ፀሐይ ከማያገኘው ጎን፣ ከሞተሩና ከጭስ ማውጫው ሙቀት ርቆ ይቀመጥ፤ ጉዞውም በማለዳ ይጀመር። በርበሬው ከሁሉም ተለይቶ በድርብ ማዳበሪያ ይታሰር፤ ዱቄቱ ከወጣ የተሳፋሪው ዓይንና ጉሮሮ መከራ ያያል።

ኮልፌ ሲገቡ ዕቃው ሲራገፍ የተንቀሳቀሰውን፣ የፈሰሰውንና የተሰነጠቀውን በመጀመሪያው ቀን ክብደት በጻፉበት ወረቀት ጀርባ ላይ ይመዝግቡ። ወረቀቱን ከገመዱና ከከመነዳሪው ጋር ባዶ ሳጥን ውስጥ አድርገው ያስቀምጡት፤ በሚቀጥለው ዓመት መስከረም ሲጠባ የመጀመሪያው ሥራ ያንን ሳጥን መክፈት ነው።